አምባር አጥላቂዋ

«ከዚህ ደጅ ከወጡ፣ እማማ፣ ተመልሰው እርዱን መንካት አይችሉም» አለች ኡርሚላ። ለሙሽራ የሚቀባውን እርድ እየወቀጠች ነበርና ዘነዘናውን እንደያዘች በሩ መሀል ቆማለች።

ብሪጅራኒ የነጭ ሳሪዋን ጫፍ ወደ ራሷ እየሳበች ምራቷን አየቻት። «መቼ ነክቼው አውቃለሁ?»

ባል የሞተባት ሴት የሙሽራ እርድ አትወቅጥም፤ ሙሽራ አትቀባም፤ ዳስ ውስጥ ከፊት አትቀመጥም። ብሪጅራኒ በሃያ ሁለት ዓመቷ መበለት ከሆነች ወዲህ በዚህ ቤት ስንት ሰርግ ሲደገስ ጓዳ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ኖራለች። የአሁኑ ግን የልጅ ልጇ የማልቲ ሰርግ ነው። ረቡዕ ሙሽራው ከነአጃቢው ይመጣል። ዛሬ እሑድ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከሙስሊሞቹ ሰፈር የብርጭቆ አምባር ሻጯ ጀይቱን አረፈች የሚል መርዶ መጣ።

ልጇ ራምሱመር የሰማውን ጭቅጭቅ ሊያበርድ ከበረት ብቅ አለ። «እማዬ፣ አትሂጂ አላልንሽም። ሰርጉ ይለፍና ትደርሻለሽ። የሰርግ ቤት ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ሲወጣ አገሩ ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። የሞተችው እኮ ጀይቱን ናት።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ መንገዱን ልቀቅልኝ።»

ራምሱመር የለበሰውን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ እናቱን አለበሳት። ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር።

ከታኩሮቹ፣ ከሂንዱ ባላባቶቹ፣ ሰፈር እስከ አምባር ሻጮቹ ሰፈር ያለው መንገድ በሰናፍጭ እርሻ መሀል ነው የሚያልፈው። ብሪጅራኒ ስትደርስ ወንዶቹ አስከሬኑን ተሸክመው እየወጡ ነበር። ዳር ይዛ ቆመች። ቃሬዛው በፊቷ ሲያልፍ አጭርነቱ ገረማት። ጀይቱን በሕይወቷ ሳለች ረጅም ሴት ትመስላት ነበር፤ ለካ የአምባር ቅርጫቷን ራሷ ላይ ስለምትሸከም ኖሯል።

ቤት ውስጥ ሴቶቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ጭድ ተቀምጠዋል። ሲያይዋት ሹክሹክታው ቆመ። አንዷ ተነስታ የገመድ አልጋ ልትጎትትላት ስትል ብሪጅራኒ እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና ራሷ ጭዱ ላይ፣ ከጀይቱን ምራት ከረዚያ አጠገብ ተቀመጠች። ረዚያ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ሲቆይ ሹክሹክታው ተመለሰ። መጀመሪያ ስለ በሽታዋ ነበር፤ ደረቷን ነው ያመማት፣ ሳምንትም አልቆየች። ቀስ እያለ ወደ ራሷ ወደ ሟቿ ዞረ።

«እጅ ይዛ ብቻ ማን እንዳረገዘች ታውቅ ነበር» አለች አንዲት አሮጊት።

«ማን ከባሏ ጋር እንደተኳረፈችም ጭምር።»

«ደግሞ ውሸቷ። ይሄ አረንጓዴ የላክናው እመቤቶች የሚያጠልቁት ነው ትለን አልነበር? ላክናውን በዓይኗ አይታው አታውቅም እኮ።»

«እኔን ይሄ ቀይ ያቀጥንሻል ብላኝ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ሳጠልቅ ኖሬያለሁ።»

«ታዲያ ቀጠንሽ?»

ሳቁ በሻርፕ ታፈነ። ረዚያም ዕንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ብሪጅራኒ ግን ዓይኗ ጥግ የተቀመጠው ቅርጫት ላይ ነበር። ሰማያዊ ጨርቅ ለብሷል። ቅርጫቱ ከሴትዮዋ ተለይቶ ብቻውን ተቀምጦ አይታው አታውቅም።

ብሪጅራኒ ወደዚህ መንደር ሙሽራ ሆና ስትመጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቴን እያለች ስታለቅስ ሰነበተች፤ እህል አልቀምስ አለች። በመጨረሻ አማቷ ተቆጥታ አምባር አጥላቂዋን አስጠራች። ለዚህ ቤት ሙሽሮች አምባር የሚያጠልቁት ከቅድመ አያቶች ጀምሮ የጀይቱን ቤት ሴቶች ናቸው፤ በመከር ጊዜ ስንዴ ይሰፈርላቸዋል፣ ሰርግ ሲሆን ሳሪ ይሰጣቸዋል። ጀይቱን ያኔ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ቅርጫቷን አውርዳ ፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ይቺ ናት የምታለቅሰው? አምጪ እጅሽን። ስሚኝ ሙሽሪት፣ ስታለቅሺ እጅሽ ድንጋይ ይሆናል፤ አምባሬን ትሰብሪብኛለሽ። ስትስቂ ነው የሚላላው።»

«ምን የሚያስቅ አለ?»

ጀይቱን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «አማትሽ እንዲህ ስትኮሳተር አትፍሪያት። እሷም ሙሽራ ሆና ስትመጣ የፍየሎቹ ጉረኖ ገብታ ተደብቃ፣ እግሯን ይዘው እየጎተቱ ነው ያወጧት። እናቴ ናት የነገረችኝ። ሽታው ለሦስት ቀን አልለቀቃትም አሉ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አምባሩ አንጓዋን አልፎ ገብቷል። ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ገባ፤ ሁለቱ ክንዶቿ እስኪሞሉ ድረስ ጀይቱን የአማቷን ገመና አወራች። ስትጨርስም ቅርጫቷን እያነሳች «የእናትሽ መንደር በየትኛው በኩል ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከጎምቲ ወንዝ ማዶ። ባንስካት።»

«ማክሰኞ እዚያ ነኝ። ምን ልበልልሽ?»

ከዚያ ወዲህ የእናትና የልጅ ናፍቆት በጀይቱን አፍ ሲመላለስ ኖረ። እናቷ እስክትሞት ድረስ።

ሰኞ ዕለት ብሪጅራኒ ከለቅሶ ቤት ለምሳ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ሌላ ግርግር ጠበቃት። የኡርሚላ ወንድም ከከተማ በካርቶን የታሸገ አምባር ገዝቶ አምጥቷል። ማልቲ የልጅ እግር ሙሽራ ናት፤ እጇ ግን እንደ አባቷ ሰፊ ነው። ልኳ የሆነው አምባር አንጓዋን አያልፍም፤ የሚያልፈው ደግሞ ክንዷ ላይ ላልቶ ይዞርባታል። የሙሽራ አምባር ደግሞ ክንድ ላይ ልክክ ማለት አለበት።

«ትንሽ ቻይው» አለች ኡርሚላ እየገፋች።

አምባሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ማልቲ እጇን ነጥቃ ደረቷ ላይ ያዘች። የአምባር መሰበር ለሙሽራ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ረዚያ ትምጣና ታጥልቅላት» አለ ራምሱመር በመጨረሻ። «አማቷ ያስተማረቻት እሷን አይደል? አንቺ ብትነግሪያት እማዬ...»

«እኔ አልነግራትም» አለች ብሪጅራኒ። «አፈሩ ሳይደርቅ፣ ነይና ሰርጋችንን አሳምሪልን ልበላት?»

«ታዲያ ልጄ ባዶ እጇን ትዳር?» አለች ኡርሚላ፤ ድምጿ ተሰበረ። ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ልጇን ነው የምትድረው፤ ስንት ወር ሙሉ የተዘጋጀችበት ነገር በእጇ ላይ እየፈረሰባት ነው።

ብሪጅራኒ ወደ ጓሮ ወጥታ የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች። የተሰበረው አምባር ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። በዚሁ ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ይኸው ድምፅ መሰማት ነበረበት፤ አልተሰማም።

ባሏን ኮሌራ በሁለት ቀን ነው የወሰደባት። ራምሱመር ገና ጡት አልጣለም። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ጉድጓዱ አፍ አመጧት፤ የመበለት አምባር በድንጋይ ተሰብሮ ከእጇ መውረድ አለበትና። የባሏ አክስት ድንጋዩን ስታነሳ ጀይቱን ከማዶ እየሮጠች ደረሰች። ቅርጫት አልያዘችም፤ ጫማም አላደረገችም።

«ድንጋዩን ያስቀምጡት፣ እትዬ» አለች እያለከለከች።

«አንቺ ሙስሊም ነሽ። በኛ ሥርዓት ምን አገባሽ?»

«ሥርዓቱ የእናንተ ነው። አምባሩ ግን የኔ ነው። በዚህ ቤት ሴት እጅ ላይ የማጠልቀው እኔ ከሆንኩ የማወልቀውም እኔ ነኝ። አይውለቅ አላልኩም።»

«መሰበር ነው ያለበት።»

«የሞተው ባሏ ነው፤ እጇ ምን አጠፋ? የአናጢው ምራት ስብርባሪ ገብቶባት እጇ መግል ቋጥሮ አልነበር? ይቺ ጡት የምታጠባው ልጅ አላት።»

የሰናፍጭ ዘይት እንዲያመጡላት ጠየቀች። ማንም አልተነሳም፤ ራሷ ጓዳ ገብታ ይዛ መጣች። ከብሪጅራኒ ፊት ቁጢጥ ብላ «ሙሽሪት፣ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት። ይሄን ቃል በዚያ ቀን መስማት ሴቶቹን አስደነገጣቸው። ጀይቱን ግን የሰማቻቸው አትመስልም። ዘይቱን አንጓዋ ላይ አሽታ፣ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ አጥፋ፣ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አልቸኮለችም። አክስቲቱ መጀመሪያ ድንጋዩን አስቀመጠች፤ ቀጥላ ራሷም ተቀመጠች። የመጨረሻው አምባር አልወጣም ሲል ጀይቱን የወደቀ ሕፃን እንደምታባብል እጇን እፍ እፍ አለችላት። ወጣ። አንድም አልተሰበረም።

ከወራት በኋላ ብሪጅራኒ «የት አደረግሻቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እቶኑ ውስጥ መለስኳቸው። ቀልጠው አሁን የሌላ ሰው እጅ ላይ ናቸው።»

ይሄ ለምን እንዳጽናናት ዛሬም ድረስ አታውቅም።

መበለት አምባር አትገዛም። ጀይቱን ግን ከቤቱ አልቀረችም። የሌሎቹን ሴቶች እጅ ትሞላና ጓሮ ዞራ ከብሪጅራኒ ጋር ትቀመጣለች። ማን ወለደ፣ የማን ላም ጠፋ፣ ማን ከማን ተጣላ፤ የአሥር መንደር ወሬ ታራግፍላታለች። ሁልጊዜም ሙሽሪት እያለች። መበለትን እንዲህ መጥራት ነውር ነው ሲሏት «እኔ በሌላ ስም አላውቃትም» ብላ ትዘጋቸዋለች።

አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ጊዜ የጀይቱን ባል ወንድሞች ጓዛቸውን ጭነው ወደ ካራቺ ሄዱ። ያን ሰሞን በየከተማው ሰው በሃይማኖቱ ሲታረድ ነው የሚወራው፤ ከደጅ የሚወጣ አልነበረም። ጀይቱን ግን ቅርጫቷን ተሸክማ መጣች። የብሪጅራኒ ባል አባት፣ ያ ከሴት ጋር የማያወራ ኮስታራ ሽማግሌ፣ በረንዳው ላይ ሲያያት ምንም ሳይል ዱላውን አንስቶ ፊት ፊቷ ሄደ። እሷ የምትገባበት ደጅ ሁሉ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ስትወጣ ደግሞ ይቀድማታል። አመሻሽ ላይ ቤቷ አድርሷት ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ።

«አንቺስ ለምን አትሄጂም?» አለቻት ብሪጅራኒ ያን ጊዜ፤ የምትፈራው መልስ እንዳይመጣ እየጸለየች።

«እዚያ የማንን እጅ አውቃለሁ?» አለች ጀይቱን። «ካራቺ ያሉትን ሴቶች ሁሉ እንደ አዲስ ላስቃቸው ነው?»

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ወንዶቹ ደጅ ላይ ቁርኣን ይቀራሉ። ሴቶቹ ውስጥ ክብ ሠርተው በተከመረው ሽምብራ ጸሎት ይቆጥራሉ፤ አንድ ጸሎት፣ አንድ ፍሬ። ብሪጅራኒም እንደነሱ ከፊቷ ካለው ክምር እያነሳች ወደ ነጩ ጨርቅ ታስተላልፋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየች ያቺ አሮጊት ጠጋ ብላ «ምን እያሉ ነው?» አለቻት።

«የማውቀውን ነው። የአምላኬን ስም፣ ራም ራም እያልኩ ነው።» ብሪጅራኒ እጇን ሰበሰበች። «ይከፋት ይሆን?»

አሮጊቷ አሰበችበት። «ጀይቱን ሰው ያመጣላትን መልሳ አታውቅም። ይቀጥሉ።»

ሽምብራው ተቆጥሮ፣ ለጎረቤት ታድሎ፣ ሰዉ ሲበተን ረዚያና ብሪጅራኒ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሰርጉ ተራዘመ?» አለች ረዚያ።

«አልተራዘመም። ነገ ነው።»

«አምባሩስ?»

«ከከተማ መጥቷል» አለች ብሪጅራኒ ዓይኗን ሸሽጋ።

ረዚያ ተነስታ ሰማያዊውን ጨርቅ ከቅርጫቱ ላይ ገለጠች። ቀይና አረንጓዴ፣ በመሀሉ ወርቅማ ክር የሚመስል መስመር ያለው አምባር በገለባ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። «ይሄ የማልቲ ነው። ሌላ ሰው አያመጣውም ብላ በዚያ ብርድ ራሷ እቶኑ ድረስ ሄዳ፣ አጠገባቸው ቆማ ነው ያሠራችው። ቀለሙ አልወጣም ብላ ሁለት ጊዜ መለሰችባቸው። ስትመለስ ነው ሳሉ የጀመራት።»

«ማን ሂጂ አላት?» አለች ብሪጅራኒ።

«ማን አትሂጂ ይላታል?»

ብሪጅራኒ ከገለባው አንዱን አምባር አወጣች። ለረዚያ ይውሰዱት ብሎ መስጠቱ ቀላል ነው፤ ማን እንደሚያጠልቀው ግን ሁለቱም ጠፍቷቸዋል። ሐዘንተኛ ሰርግ ቤት አይገባም፤ ሙሽራም ለቅሶ ቤት አትረግጥም።

ደጁ ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ማልቲ ነበረች። ፊቷም ክንዷም እርድ እንደተቀባ፣ ሻርፕ ተከናንባ ገባች። ከኋላዋ ኡርሚላ ሮጣ ደረሰችና ደፉ ላይ ቀጥ አለች። «አበደች» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «ጠፍታ ነው የመጣችው፣ እማማ። ሰው ሁሉ አየን። ምን እንደምናገር እንጃ።»

ማልቲ እናቷን አልመለሰችላትም። ጭዱ ላይ ረዚያ ፊት ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «አያቴ ጀይቱን እኔ ነኝ የማጠልቅልሽ ብላኝ ነበር» አለች። «እሷ ከሌለች በቤቷ ይሁንልኝ።»

ረዚያ የልጅቷን እጅ ያዘች። የመጀመሪያውን አምባር ጣቶቿ ላይ አድርጋ ወደ አንጓዋ ስትገፋ ግን ራሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ማልቲም ተከተለቻት። እጇ ደረቀ። አምባሩ አንጓዋ ላይ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

«ይሰበራል» አለች ረዚያ በፍርሃት።

ብሪጅራኒ እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው። መበለት ናት። ዞራ ምራቷን አየች።

ኡርሚላ ደፉ ላይ ቆማ ልጇን፣ የቆመውን አምባር፣ የአማቷን የተሰበሰበ እጅ ተራ በተራ አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባች። «ይያዙላት እንጂ፣ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ይጠብቃሉ?»

ብሪጅራኒ የልጅቷን እጅ ተቀበለች። እርዱ መዳፏ ላይ ለቀቀ። አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጠፈችና ጎንበስ አለች። «ስሚኝ ሙሽሪት» አለቻት። «አባትሽ እናትሽን ለማየት የሄደ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«እማማ፣ ይተዉ» አለች ኡርሚላ።

«አማቾቹ ፊት ጨዋ ልምሰል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ የቤቱን ምሰሶ በግንባሩ ገጨው። ደም በደም ሆኖ ቁጭ አለ። እናትሽም በመጋረጃ ቀዳዳ አይታው፣ ይሄማ እዚያው ሳለ ሊሞትብኝ ነው ብላ አለቀሰች። ጀይቱን ናት ወሬውን ያመጣችልን፤ አባትሽ ግን እስከ ዛሬ በር መታኝ ነው የሚለው።»

ማልቲ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የሳቀችው። ቀጥሎ አልቻለችም። ኡርሚላም ፊቷን በሳሪዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አምባሩ የማልቲን አንጓ አለፈ። ረዚያ ሁለተኛውን አቀበለች፤ ብሪጅራኒ እጁን ይዛ፣ ረዚያ እየገፋች፣ ሁለቱ ክንዶች እስኪሞሉ ድረስ የአባቷን ገመና አወሩላት።

ሲጨርሱ ኡርሚላ ልጇን ሸፋፍና አስነሳቻት። ደጁ ጋ ስትደርስ ተመልሳ ረዚያን አቀፈቻት። «ነገ አልልሽም» አለቻት፤ «ሐዘንሽ ሲያልቅ ግን ሳሪሽ ይጠብቅሻል። እማማ፣ እንሂድ?»

«እናንተ ቅደሙ» አለች ብሪጅራኒ። «እመጣለሁ።»

የሁለቱ ኮቴ ራቀ። ረዚያ የተረፈውን ገለባ ስትሰበስብ ብሪጅራኒ በግቢው ውኃ ፓምፕ ሥር የተከመረውን ዕቃ አየች፤ የሦስት ቀን ለቀስተኛ የበላበትና የጠጣበት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ ነው። ዛሬ ከቀባሪው ሁሉ ምንም ሳይቀምስ የዋለ ሰው ብሪጅራኒ ብቻ ናት፤ ማንም ይቅመሱ አላላትም፤ ታኩር በሙስሊም እጅ የተሠራ እንደማይቀምስ፣ የተበላበትን ዕቃም እንደማይነካ ያውቃሉ። ጀይቱንም ዘመኗን ሙሉ ለኢድ የምትልክላቸው ደረቁን ቨርሚሴሊ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ፓስታ፣ ከወተቱና ከስኳሩ ጋር ለየብቻ አድርጋ ነበር፤ እነሱ በገዛ እሳታቸው እንዲያበስሉት። ብሪጅራኒ ዓመት በዓመት ተቀብላ እያበሰለች በልታለች፤ አንቺ ሠርተሽ ብታመጪልን ምናለ ብላት አታውቅም።

የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ አስራ ወደ ፓምፑ ሄደች። ቁጢጥ አለችና ከምድጃው አመድ ዘግና የመጀመሪያውን ድስት መፈግፈግ ጀመረች።

ረዚያ ደንግጣ መጣች። «እትዬ፣ ይተዉት። የኛን ዕቃ እርስዎ...»

«ፓምፑን ምቺልኝ» አለች ብሪጅራኒ።

ውኃው መጣ። ድስቱን አለቀለቀች፤ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አጠበች። ብርጭቆዎቹ ጋ ስትደርስ ዕንባዋ ይወርድ ነበር፤ እጇ አመድ ስለሆነ አልጠረገችውም። አንዱን ብርጭቆ አጥባ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ ደፍታ አስቀመጠችውና ሌላውን አነሳች።